የእትዬ አነሳስ

ጥር 11

ውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወፌስ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የዛሬ ሳምንት ነው። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። ሥራ አልበዛብኝም። ጌሙ ወጥቶ ገበያ ላይ ነው፣ ግማሾቻችን እረፍት ወጥተናል፣ እኔም ቢሮ የምገባው ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን አበባ ውሃ ለማጠጣት ነው ማለት ይቻላል። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጠፍቶኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። ወፌ የምትጫወተው ጌም የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። የላክሁላትም እኔው ነኝ። አሥራ ሰባት ሞልቷታል፣ በአክስቷ ትኮራለች ብዬ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። አንቺን ሳላማክር መላኬ ግን ጥፋት ነው።

ሁለተኛው፣ «የጌሙን ቀስተኛ ሴት የሠራሻት አንቺ ነሽ ወይ?» ነው ያልሽው። እትዬ፣ አራት መቶ ሰው ነው የሠራት። ፀጉሯን ብቻ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው አለን፣ አሁን የራሱ ፀጉር አልቋል። እኔ ያለሁት እንቅስቃሴ ክፍል ነው። እንዴት እንደምትራመድ፣ እንዴት እንደምትሮጥ፣ እንዴት እንደምትወድቅ የምንሠራው እኛ ነን፣ ስምንት ሆነን። ስለዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሦስተኛው፣ «ለምን ገና ሲጀመር ትደበደባለች?» የሚለው ነው። ይህን እኛም ተነጋግረንበታል። ከዚህ በፊት የሠራነው ጌም ዋና ሰው ወታደር ነበር። ከሄሊኮፕተር ማስቲካ እያኘከ ይዘላል፣ መተኮስ ይጀምራል፣ አለቀ። ለምን ትገድላለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ቀስተኛዋን ስንጀምር ግን ስብሰባው ሁሉ «ለምንድን ነው የምትገድለው? ምክንያት ስጧት፣ አለዚያ ጨካኝ ትሆናለች፣ ተጫዋቹ አይወዳትም» ሆነ። እና ምክንያት ሰጧት። ሦስት ሰዎች ጎተራ ውስጥ ይደበድቧታል። ተጫዋቹ ቁልፍ ተጭኖ ከወለሉ ያስነሳታል። ከዚያ ቀስቷን ታነሳለች፣ እስከ መጨረሻው አታስቀምጥም። ትክክል ነው እያልኩሽ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ነው የነገርኩሽ።

ወደ አራተኛው ጥያቄሽ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ። ወፌን ሳሚልኝ።

ድንቡሼሽ

*

ጥር 24

ድንቡሼ፣

እኔም ደህና ነኝ፣ ወፌም ደህና ናት፣ መኪናዬም ደህና ናት። መኪናዋ ለጥቂት ነው የተረፈችው። አንድ መንዳት የማስተምራቸው ተማሪ አሉኝ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ «ፍሬን!» ስላቸው ነዳጅ ረግጠው የአንዱን ግቢ አጥር ይዘነው ልንገባ ነበር። አስተማሪ ወንበር ስር ሁለተኛ ፍሬን ባይኖር ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልሽ ወፌ ነበረች። «ይቅርታ እመቤቴ፣ እግሬ ነው ፍርድ ያጓደለው» አሉኝ። እዚያው መንገድ ዳር ቆመን እስኪበቃን ሳቅን።

አሁን ወደ ነገራችን። አራት ጥያቄ ጠይቄሽ ሦስቱን መለስሽ። ተማሪዎቼም እንዲሁ ናቸው። ቀጥ ያለውን መንገድ ደስ ብሏቸው ይነዱና «በሉ ወደ ኋላ አቁሙ» ስላቸው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ባለፈው ተናድጄ ስለጻፍኩ አልገባሽ ከሆነ ያየሁትን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ ገባሁ። ወፌ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ መጋረጃው ተከፍቶ ቤቱ ብርሃን በብርሃን ነው። ቁልፌን ሳላስቀምጥ ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁት። አንዲት ሴት ወለል ላይ ተጋድማለች። ግራ ክንዷን አጥፋ በክርኗ ጆሮዋን ሸፍናለች። በቀኝ እጇ ወለሉን ትዳብሳለች። ከዚያ በጉልበቷ ሆነች፣ ቀሚሷን ወደ ታች ጎትታ እግሯን ሸፈነች፣ የበሩን መቃን ይዛ ተነሳች። ተነስታ ሳትጨርስ ሰውየው መልሶ ጣላት። ወፌ ቁልፉን ቶሎ አልተጫነችም። እንደገና ክርኑ፣ እንደገና መዳበሱ፣ እንደገና ቀሚሱ። አራት ጊዜ። በዕድሜዬ የቀመስኩት አንሶ የልጄ አውራ ጣት ስለዘገየ እዚያው ቆሜ አራት ጊዜ ተደበደብኩ።

ወፌ ዞር ብላ «እማ፣ ይቺ ሴትዮ ስትነሳ አንቺን አትመስልም?» አለችኝ። አምፖል ስቀይር ከወንበር የወደቅኩ ቀን አይታኛለች። «ሰው ሁሉ ከወደቀ በኋላ አንድ ነው» ብያት ወጥ ቤት ገባሁ።

ክንዴ የማይዘረጋው መኪና ገልብጬ እንደሆነ ነው ወፌ የምታውቀው። ሃያ ዓመት አንዲት መስተዋት ሳልሰብር የነዳሁ ሴት፣ በገዛ ልጄ ዘንድ መኪና ገልባጭ ሆኜ ቀረሁ! አባቷን ትወደዋለች። ከተለያየን በኋላም በየእረፍቷ እሱ ዘንድ እየሄደች ነው ያደገችው። ይህን ፍቅር ላለመንካት ነው የሆዴን በሆዴ የያዝኩት።

ክንዴን የሰበረው እሱ መሆኑን ለአንቺ ነግሬሻለሁ። ቀሚሱን ግን ለማንም አልነገርኩም። ለእናታችንም፣ ለሐኪሙም። እና አራተኛው ጥያቄ ይኸውልሽ እንደገና። እንዴት አወቅሽ?

ስልክ እንዳትደውዪ። ድምፅሽን ከሰማሁ ነገሩን ሳልሰማ ይቅር እልሻለሁ። ጻፊ።

እህትሽ

*

የካቲት 5

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የዳኛው ነገር ብቻዬን አሳቀኝ። ከዚያ የቀረውን አነበብኩና ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። «አራት መቶ ሰው ነው የሠራት» ማለቴ እውነት ነው፣ ግን መደበቂያ ያደረግኩት እውነት ነው። አነሳሷን የሠራሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን።

የእንቅስቃሴ መቅረጫ አዳራሽ አለን፣ ግድግዳው ዙሪያውን ካሜራ የተደረደረበት። ተዋናይዋ ገላዋ ላይ ጥብቅ የሚል ጥቁር ልብስ ትለብሳለች፣ መገጣጠሚያዎቿ ላይ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ኳሶች ይለጠፋሉ። ካሜራዎቹ የሚያዩት ኳሶቹን ብቻ ነው፣ ከዚያ የእሷን እንቅስቃሴ ቀስተኛዋን ያለብሷታል። ተዋናይዋ ድሮ ጂምናስቲክ የሠራች ናት። ውደቂ ስትባል ወድቃ እንደ ላስቲክ ነጥራ ትነሳለች። ሙሉ ጠዋት እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ «አንቺ ልጅ፣ ተመትተሽ አታውቂም እንዴ?» አላት፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ «ላሳያት» አልኩ።

ልብሱን ለበስኩ፣ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ፣ ክርኔን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረግኩት። ስነሳ አጨበጨቡልኝ። እትዬ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ተዋናይዋ መጥታ አቀፈችኝ፣ ዳይሬክተሩ «የሚቀረጸው ይኸው ነው፣ ሌላ አንፈልግም» አለ። የዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህን ካልነገርኩሽ ሌላው ንግግሬ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ያ አነሳስ ለሽልማት ታጭቷል።

እንዴት እንዳወቅኩ እኔም አላስታውስም። ምናልባት አንድ ቀን ነግረሽኝ ረስተሽው ይሆናል።

ድንቡሼሽ

*

የካቲት 14

ድንቡሼ፣

አልነገርኩሽም።

አሥር ጊዜ ብትጽፊልኝም አሥር ጊዜ መልሴ ይኸው ነው። ሰው ብዙ ነገር ይረሳል። እንዲህ ያለውን ለማን እንደተነፈሰው ግን አይረሳም።

ወፌ ጌሙን በዘጠኝ ቀን ጨረሰችው። ፊቴን አይታ የከፋኝ መስሏት «አይዞሽ እማ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ትጨርሳቸዋለች» አለችኝ። ልታጽናናኝ እኮ ነው! አጠገቧ ቁጭ ብዬ መጨረሻውን አብሬ አየሁላት። ያቺ ሴት ያን ሁሉ ተደብድባ ጉንጯ ላይ ያለችው አንድ ጭረት ናት፣ እሷም ተለክታ የተቀባች ትመስላለች። የእኔ ፊት አሥር ቀን አብጦ ወፌ መቅረብ ፈርታኝ ነበር። እሷ ስትነሳ ቀስት አነሳች። እኔ ስነሳ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ምሳ አሞቅኩ። ወፌ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ከእንቅልፏ ልትነቃ ደርሳለች፣ ስትነቃ ደግሞ ይርባታል። በአንድ እጄ ድስት ጣድኩ። መግደል ከዚህ ይቀል ነበር። አራት መቶ ሰው ተሰብስባችሁ ይህን የሚያሠራ ቁልፍ አጣችሁ?

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ወፌ ዘንድሮ ትምህርቷን ስትጨርስ አባቷ ዘንድ ሆና ዩኒቨርሲቲ ልትማር ወስናለች። እሱም ክፍል አዘጋጅቶላታል፣ መጋረጃውን ሳይቀር መርጣለች። ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነበር። አሁን ዝምታዬ እጇን ይዞ እሱ ቤት እየወሰዳት ነው። ልነግራት አፌን ከፍቼ ሦስት ቀን ስለ አየሩ አወራሁ።

እኔ መናገር ካቃተኝ አንቺ እንኳ ተናገሪ። እንዴት አወቅሽ?

እህትሽ

*

የካቲት 26

እትዬ፣

የዚያን ቀን እቤት ነበርኩ።

ያኔ እናንተ ዘንድ ሆኜ ነበር የምማረው። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ስላልመጣ ቀድመን ተለቀቅን። በጓሮ በኩል ገባሁ። ድምፅ ሰማሁ። የኮሪደሩ በር ገርበብ ብሏል። እሱ ጀርባውን ነው የሰጠኝ፣ አንቺን ነው ያየሁሽ። የበሩን እጀታ ያዝኩት። ይዤው ቆምኩ። ልግፋው፣ ልግፋው እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

እሱ በፊት በር ሲወጣ እንኳ አልገባሁም። ወለሉን ስትዳብሺ አየሁ፣ መነጽርሽን ፈልገሽ ነው። ቀሚስሽን ስትጎትቺ አየሁ። ቤት ውስጥ ማንም የለም ብለሽ ታስቢያለሽ፣ ግን ትሸፈኛለሽ። ከእኔ የምትሸፈኝ መሰለኝ። በመጣሁበት በጓሮ ወጣሁ። ኳስ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ትምህርት ቤት የሚለቀቅበትን ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ መጣሁና «ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኩሽ። እያወቅኩ ጠየቅኩሽ፣ እትዬ። ነገርሽኝ፣ አለቀስኩ። በደህናው እጅሽ አቅፈሽ «አይዞሽ» አልሽኝ። አንቺ ለእኔ።

ያኔ ፈርቼ ነው። ልጅ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። አዳራሹ ውስጥ ግን አልፈራሁም፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ልጅም አልነበርኩም። ያቺን ቅጽበት ለአሥራ አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተሸክሜያት ኖሬ፣ ሰው ፊት ያወጣኋት ጎበዝ ለመባል ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ጌሙን እንደገና ብታዪው የጎተራው በር ገርበብ ያለ ነው። እንዲያ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። «የበለጠ ያስፈራል» ብዬ ነበር ያሳመንኳቸው። ከበሩ ኋላ ግን ማንም የለም። አንቺን ሙሉ በሙሉ አስገብቼሻለሁ፣ ራሴን አላስገባሁም።

ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም።

ድንቡሼ

*

መጋቢት 28

ውድ እትዬ፣

ወር አለፈ፣ መልስ አልመጣም። መብትሽ ነው። የምጽፈው መልስ እንድትልኪ ለመጎትጎት አይደለም፣ ያደረግኩትን ልትሰሚ ስለሚገባ ነው።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ሴት ናት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ትገባታለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ያ አነሳስ የማን እንደሆነ፣ ሳላስፈቅድ እንደወሰድኩት ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተመስገን አልኩ በልቤ።

«ይህ እኮ ትልቅ ታሪክ ነው!» አለችኝ። «ቃለ መጠይቅ ላይ ትናገሪዋለሽ? እህትሽስ ፈቃደኛ ትሆናለች? ፎቶዋ አለሽ?»

እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ትዕይንቱ ይውጣልኝ አልኳት። ሰው የወደደውን አናወጣም አለችኝ። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ የማይፈልግ ተጫዋች ዘሎት እንዲያልፍ ተደረገ፣ ሌላ ምንም። ስሜን ከሽልማቱ አስወጣሁ። ሽልማቱን ለክፍሉ ሰጡት፣ ባልደረቦቼ ኬክ ቆረሱ፣ እኔም በላሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትዪኝ ልክ ነሽ።

ሁለተኛውን ክፍል ጀምረዋል። በዚህኛው ልጅ ይኖራታል፣ ከዚያ ልጇን ይገድሉባታል። «እንደገና ለመነሳት ምክንያት ያስፈልጋታል» አለ ጸሐፊው። «ወታደሩ በሁለተኛው ክፍል ለምን ተነሳ?» አልኩት። አሰበ፣ አሰበና «ሥራው ነዋ!» አለኝ።

ለቅቄ ወጣሁ ብልሽ ምንኛ ደስ ባለኝ። አልለቀቅኩም። የመኪና ውድድር ጌም ወደሚሠሩት ተዛወርኩ። አሁን የማንቀሳቅሰው ጎማ ነው። ጎማ አያለቅስም፣ እህት የለውም። ጀግንነቴ እስከዚህ ነው፣ እወቂልኝ።

ድንቡሼ

*

ሚያዝያ 20

ድንቡሼ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት በንዴት ብቻ አይደለም፣ ቤቴ ውስጥ ብዙ ነገር ሆኗል።

የየካቲት 26ቱን ደብዳቤ ለወፌ ሰጠኋት። ሌላ መንገድ አላገኘሁም። እኔ ስጀምር ምላሴ ይተሳሰራል፣ አንቺ ደግሞ አንድም ሳታስቀሪ ጽፈሽዋል። ወጥ ቤት በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ንጹሕ ሳህን አጥብ ነበር።

«አክስቴ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችኝ።

«ያንቺ ዕድሜ።»

«እኔ ብሆን በሩን እከፍተው ነበር» አለች፣ ቆጣ ብላ። ክፍሏ ገባች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አላውቅም እማ» አለችኝ። «ላልከፍተውም እችል ነበር።» ከዚያ መጥታ ክንዴን ይዛ አገላብጣ አየችው፣ የማታውቀው ክንድ ይመስል። «ታዲያ መኪናውስ?» አለችኝ። «ምን መኪና፣ እኔ መኪና ገልብጬ አላውቅም» ስላት ሁለታችንም ሳቅ ጀመርን፣ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረ።

በማግስቱ አባቷ ጋ ደወለች። እኔ አልነገርኳትም፣ አልከለከልኳትምም። አልካደም። «የቆየ ነገር ነው፣ እናትሽ ነገር ማካበድ ትወዳለች» ነው ያላት። ወፌ ክፍሉን እንደማትፈልገው ነገረችውና ዘጋችው። ከዚያ ሁለት ቀን አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። አባቷን እኮ ነው ያጣችው። ያን ሁሉ ዘመን በዝምታዬ ስሜን አጉድፌ፣ ስሙን አጥቤ ያስወደድኳት ደግሞ እኔ ነኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጠይቃኛለች። ስለዚህ አንቺ ብቻ አይደለሽም ጥፋተኛዋ። ይህን የምጽፍልሽ ሸክምሽን ላቀልልሽ ብዬ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ወፌ አሁን ሌላ ከተማ ልትማር ነው፣ ነሐሴ ላይ ትሄዳለች፣ ተማሪዎች መኖሪያ ትገባለች።

አሁን ስለ አንቺ። የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ይቅር ብያታለሁ። ብትገቢ ኖሮ አንቺንም ይመታሽ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያን አልችለውም ነበር። ያቺን ልጅ ተያት፣ ድንጋዩ ላይ ብዙ ተቀምጣለች።

የሠላሳ አንድ ዓመቷን ግን፣ አዳራሽ ውስጥ ተጋድማ ተነስታ እጅ የነሳችውን፣ እስካሁን አልቻልኩም። እየሞከርኩ ነው። አንዳንድ ቀን የተውኩሽ ይመስለኛል፣ ከዚያ ጭብጨባው ጆሮዬ ላይ ይመጣል፣ ሳልሰማው። አትለማመጪኝ፣ አታጣድፊኝ፣ ስጦታም አትላኪ። ይቅርታ ሲመጣ ራሱ ይመጣል። ካልመጣም ውሸት አልነግርሽም፣ በዚህ ቤት ውሸት ይብቃ ብለናል።

ሐምሌ ላይ ነይ፣ ወፌ ሳትሄድ። ልታይሽ ትፈልጋለች፣ የምትጠይቅሽም ነገር አላት፣ ተዘጋጅተሽ ነይ። ሌላ አልጋ ስለሌለን የምትተኚው ከእኔ ጋር ነው። ላኮርፍሽ እችላለሁ። ቁርስ አቅርቤልሽ ሳላናግርሽ ወደ ሥራ ልሄድ እችላለሁ።

ቢሆንም ነይ።

እህትሽ